ሰው የራቀው ፎረም፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ጥያቄዎች ስድስቱ ከተለያየ ከተማ የተላኩ ቢሆኑም ጉዳያቸው አንድ ነው፦ ለዓመታት ደምቆ የኖረ የኢንተርኔት መወያያ እንዴት ጭር ይላል? ስለዚህ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
«ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። በ2003 የተከፈተ የአማርኛ ፎረም ከሚያስተዳድሩት አንዱ ነኝ። ከ14 ሺህ በላይ የተመዘገቡ አባላት አሉን። ድሮ በቀን 300 ያህል ጽሑፍ ይለጠፍ ነበር፤ ዛሬ ከ10 አይበልጥም፤ የሚጽፉትም ያው የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ሰዉን ፌስቡክ ወሰደብን እንላለን። ልክ ነን?»

መልስ፦ ፌስቡክ ድርሻ አለው። ይሁንና ጥፋቱን ሁሉ እዚያ ከጣላችሁ የምታስተካክሉት ነገር አይኖራችሁም።

መጀመሪያ 14 ሺህ የሚለውን ቁጥር ተዉት። የተመዝጋቢ ቁጥር ወደ ታች አይወርድም፤ የሄደውም፣ የሞተውም፣ የይለፍ ቃሉን የረሳውም እዚያው ውስጥ ይቆጠራል። በ2003 ተማሪ የነበረ ሰው ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ እኩለ ሌሊት ድረስ የሚከራከርበት ጊዜ የለውም። ፎረሙን ጠልቶ አይደለም፣ ኑሮ ወስዶት ነው። ሒሳቡን እንየው፦ ከ100 ንቁ አባላት በየዓመቱ አምስተኛው እጅ ቢሄድና አንድም ሰው ባይተካ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ 33 ሰው ይቀራል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ 11። ማንም ሳይጣላ፣ ማንም ሳያኮርፍ ማለት ነው። ፎረም የሚሞተው ነባሩ ስለሄደ ሳይሆን ተተኪ ስላጣ ነው።

ዊኪፒዲያን ተመልከቱ። የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ንቁ አርታኢዎች ብዛት በ2007 ጣሪያ ነክቶ ከዚያ ወዲህ ለዓመታት አሽቆለቆለ። ቦታውን የነጠቀው ተፎካካሪ አልነበረም፤ አንባቢውም እየበዛ ነበር። ጥናት ያደረጉ ሰዎች ያገኙት ምክንያት፣ ጀማሪ የጻፈው በሶፍትዌር መሣሪያ ታግዞ ወዲያው እየተሰረዘበት፣ ደንቡም እየጠጠረበት ተመልሶ መምጣት መተዉን ነው።

ስለዚህ አዲስ ገቢውን ለኩ። ባለፉት ስድስት ወራት የተመዘገቡትን አውጡና የስፓም አካውንቶቹን ለዩ። ከቀሩት ውስጥ ስንቱ አንድ ጊዜ እንደጻፈ፣ ከእነዚያ ስንቱ በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ እንዳገኘ፣ ስንቱስ በ30 ቀን ውስጥ ሁለተኛ እንደጻፈ ቁጠሩ። የሚመዘገብ ከሌለ ችግሩ ከደጃፍ ነው። ተመዝግቦ የማይጽፍ ከበዛ የምዝገባው ሂደት ላይ ነው። አንዴ ጽፎ የሚጠፋ ከበዛ ግን ችግሩ እናንተው ጋ ነው።

ደጃፉን ለማየት ስልክ አንሡ፣ ዋይፋይ አጥፉ፣ በአዲስ የጂሜይል አድራሻ እንደ እንግዳ ተመዝገቡ። በ2003 የተሠራ ገጽ ለኮምፒውተር ስክሪን የተለካ ስለሆነ በስልክ ፊደሉ ጤፍ ያክላል። አድራሻው ላይ ኤችቲቲፒኤስ (መረጃውን በመንገድ ላይ የሚያመሰጥረው) ከሌለ የጉግል ማሰሻ ክሮም ከጁላይ 2018 ጀምሮ «ደኅንነቱ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ይጽፍበታል፤ ሌትስ ኢንክሪፕት የተባለው ድርጅት ለዚህ የሚያስፈልገውን ሰርተፊኬት በነፃ ይሰጣል፣ በራሱ እንዲታደስ ብቻ አድርጉት። ቀጥሎ የማረጋገጫው ኢሜይል ደረሰ ወይ? ብዙ የቆዩ ፎረሞች ኢሜይል የሚልኩት ያለ ኤስፒኤፍና ዲኪም (ኢሜይሉ በእርግጥ ከእናንተ መምጣቱን የሚያረጋግጡ መለያዎች) ስለሆነ ጂሜይል ስፓም ውስጥ ይጥለዋል፤ አንዳንዴም ጭራሹን አይቀበለውም። ሁለቱም በዶሜይኑ (በድረ ገጹ ስም) የዲኤንኤስ ቅንብር ገጽ ላይ የሚጨመር መስመር አላቸው፤ ለዲኪም ግን ኢሜይል ላኪው ሰርቨርም መልእክቱን እንዲፈርም መደረግ አለበት። በመጨረሻ «አድሚን እስኪያጸድቅ ይጠብቁ» የሚለው ስንት ቀን እንደሚያስጠብቅ እዩ። ሦስት ቀን የጠበቀ ሰው ጥያቄውን ሌላ ቦታ ጠይቆ ጨርሷል።

ጥያቄ፦ ከአዲስ አበባ
«አዲስ ሰው ሲጠይቅ አንጋፋዎቹ ‹መጀመሪያ ፈልግ፣ ይሄ ተመልሷል› ብለው ርዕሱን ይዘጉታል። ደንባችንም ይህንኑ ያዛል። አዲሶቹ ግን ተመልሰው አይመጡም። ደንቡ ነው ጥፋቱ?»

መልስ፦ ደንቡን ከመፍረድዎ በፊት መፈለጊያውን ይፈትኑት። ሳጥኑ ውስጥ «ቡና» ብለው ይጻፉ። ፎረሙ ስለ ቡና በተጻፈ ነገር ሞልቶ «ምንም አልተገኘም» ሊልዎት ይችላል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ የብዙ ፎረሞች ፍለጋ የሚሠራው ጽሑፎቹን በሚያስቀምጠው ማይኤስኪውኤል በተባለ የዳታቤዝ ፕሮግራም ላይ ነው። ማይአይሳም የሚባለው የሠንጠረዥ ዓይነት በነባሪ ቅንብሩ ከ4 ፊደል ያነሰ ቃል አይመዘግብም፤ ኢኖዲቢ የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ ከ3 ያነሰውን ይዘላል። ለእንግሊዝኛ ይህ ብዙም አይጎዳም። በአማርኛ ግን «ቡና»፣ «ጤፍ»፣ «ቤት» ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው፤ «ሰላም» ሦስት ነው። ማይአይሳም እነዚህን ሁሉ አያውቃቸውም። ዝቅተኛውን ልክ ወደ 2 አውርዱ፣ ዳታቤዙን አስነሡ፣ ከዚያ የፍለጋውን ኢንዴክስ (የቃላት ማውጫ) እንደ አዲስ ገንቡ። ኢንዴክሱ እንደ አዲስ ካልተገነባ የድሮው ጽሑፍ እንደተደበቀ ይቀራል፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

ይህም ተስተካክሎ «ቡና» ያለ ሰው «በቡናው» እና «ለቡናችን» የሚሉትን አያገኝም፤ ፊት የሚገቡትንና ኋላ የሚጨመሩትን የሚለይ የአማርኛ ፍለጋ ፎረሞቹ ውስጥ የለም። «ፀሐይ» ብሎ የፈለገም «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያይም። እንግዲህ «ፈልግ» የተባለው ሰው ፈልጎ ሊሆን ይችላል፤ ያጣው በስንፍና አይደለም። እንዲህ ያለውን ሰው መገሰጽ በደል ነው።

ስለዚህ ደንቡን እንዲህ ቢለውጡት እንመክራለን፦ የድሮውን መልስ የሚያውቅ ሰው ሊንኩን ይለጥፍ፣ በሁለት መስመርም ዋናውን ይንገር፤ ርዕሱ ግን ክፍት ይሁን። በ2009 ስለ ቪዛ ወይም ስለ ቀረጥ የተሰጠ መልስ ዛሬ አሳሳች ነው። የጀማሪው ጥያቄ መልሱን ለማደስ ምክንያት ይሆናል። በየቀኑ አንድ ሰው በተራ ተመድቦ መልስ ያላገኙ አዲስ ጽሑፎችን ብቻ ይይ። ለአንድ ሰው በቀን 15 ደቂቃ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ
«ሰው እንዲመጣ አዳዲስ ክፍሎች ብንከፍት ምን ይመስላችኋል? አሁን 38 አሉን።»

መልስ፦ አትክፈቱ፤ ዝጉ። በቀን 20 ጽሑፍ ቢለጠፍ እንኳ ለ38 ክፍል ሲከፋፈል እንግዳ የሚያየው የመጨረሻ ጽሑፋቸው የዓመት ዕድሜ ያላቸውን ክፍሎች ነው። ወደ 5 ወይም 6 ጠቅልሏቸው። የድሮ ርዕሶችን ከመሰረዝ ይልቅ አዛውሩ፤ አሮጌዎቹ ሊንኮችም ወደ አዲሱ ቦታ እንዲመሩ አድርጉ፣ አለዚያ ጉግል ላይ ያላችሁ ቦታ ይጠፋል። የፊት ገጹ ደግሞ የክፍል ዝርዝር ከሚሆን የቅርብ ጊዜ ውይይቶችን ያሳይ።

ጥያቄ፦ ከፍራንክፈርት
«ሦስት አራት ሰዎች ማንኛውንም ርዕስ ወደ ፖለቲካ ይወስዱታል። አድሚኖቹ ሁለት ናቸው፣ ሰልችቷቸዋል። መሥራቹ ለዓመታት ድምፁን አላሰማም። ምን እናድርግ?»

መልስ፦ ሁለት ጉዳይ ነው፤ የከፋው ሁለተኛው ነው።

ተጨቃጫቂዎቹን በተመለከተ ወዲያው ማገድ አያስፈልግም። በጽሑፍ የታወቀ መሰላል ይኑራችሁ፦ መጀመሪያ በግል መልእክት ማስጠንቀቂያ፣ ቀጥሎ የ3 ቀን እገዳ፣ ከዚያ የ30 ቀን፣ ከዚያ መሰናበት። ለእያንዳንዱ እርምጃ አድሚኖች ብቻ የሚያዩት ቦታ ላይ ማን፣ መቼ፣ ለየትኛው ጽሑፍ እንደሆነ ይመዝገብ። ይህ ካልተደረገ አንዱ አድሚን ያገደውን ሌላው ይፈታል፤ ጸጥ ብሎ የሚያነበው ሰው ደግሞ «እዚህ ሕግ የለም» ብሎ ይሄዳል። የሚሄደው ተሳዳቢው አይደለም፤ ሁልጊዜም ቀድሞ የሚሄደው ጨዋው ነው። ቁጥራቸውን በተመለከተ ሁለት አድሚን አይበቃም፤ አንዱ ሲታመም ወይም አገር ቤት ሲሄድ ሸክሙ በሌላው ላይ ይወድቃል። ቢያንስ አምስት ይሁኑ፣ የአውሮፓንና የአሜሪካን ሰዓት ይሸፍኑ፤ በየስድስት ወሩም ዕረፍት የሚወስድ ይኑር።

መሥራቹ መጥፋቱ ግን ያሰጋል። ዶሜይኑ በማን ስም ነው? የሰርቨሩን ክፍያ የሚቆርጠው ካርድ የማን ነው? የዳታቤዙ የይለፍ ቃል ማን ጋ አለ? ካርዱ ጊዜው ካለፈ ሁሉም ነገር በአንድ ሌሊት ይጠፋል። የኮም ዶሜይን ሳይታደስ ቀርቶ ከተሰረዘ ባለቤቱ ማስመለስ የሚችለው በ30 ቀን ውስጥ ነው፤ እሱም በተጨማሪ ክፍያ። ከዚያ 5 ቀን ቆይቶ ለማንም ክፍት ይሆናል። ዛሬውኑ መሥራቹን በስልክም በዘመድም ፈልጉት፣ ቁልፎቹንም ቢያንስ ሁለት ሰው ይያዛቸው። የባለቤትነት ነገር ሳይለይ ሲቀር ምን እንደሚመጣ ፍሪኖድ አሳይቷል። ይህ የሶፍትዌር ሠሪዎች መወያያ ኔትወርክ በሜይ 2021 በባለቤትነት ጭቅጭቅ ተናጠ፤ በጎ ፈቃደኛ አስተዳዳሪዎቹ በጅምላ ለቀው ሊቤራ ቻትን መሠረቱ፣ ትልልቆቹ ፕሮጀክቶችም በሳምንታት ውስጥ ተከትለዋቸው ሄዱ።

ጥያቄ፦ ከዱባይ
«ሁሉም ሰው ቴሌግራም ላይ ነው። ፎረሙን ዘግተን ጠቅልለን ብንገባስ?»

መልስ፦ ሰዉ ያለበት መሄዱ ክፋት የለውም። በ2000ዎቹም የዲያስፖራው ወሬ ከዋርካና ከሌሎች ፎረሞች ጎን ለጎን በፓልቶክ ክፍሎች ውስጥ በድምፅ ይካሄድ ነበር። የቴሌግራም ግሩፕ እስከ 200 ሺህ ሰው ይይዛል፤ «ስሎው ሞድ» የሚለውን ቢያበሩ አንድ ሰው በስንት ጊዜ አንዴ እንደሚጽፍ እስከ 1 ሰዓት ድረስ ይወስኑለታል፤ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮም ግሩፕን በርዕስ መከፋፈል ይቻላል።

የሚያጡት ነገር ግን አለ። ግሩፕ ውስጥ የተጻፈ በጉግል አይገኝም፤ ስለዚህ ከውጭ ፈልጎ የሚመጣ አዲስ ሰው አይኖርም፣ በጥሪ የገባ ብቻ ይሆናል። ጥሩ መልስም በማግስቱ በ400 መልእክት ተቀብሮ ያድራል። የሚሻለው ወሬውን ለቴሌግራም፣ መልሱን ለፎረም ማድረግ ነው፦ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰው ከግሩፑ ውስጥ የበሰሉትን ሦስት አራት ጥያቄዎች ከነመልሳቸው፣ የመላሾቹን ፈቃድ ጠይቆ፣ ወደ ፎረሙ ያሻግር፤ ሊንኩንም ግሩፑ ላይ ይለጥፍ።

ዲግ የተባለው፣ አባላት ሊንክ ለጥፈው ድምፅ የሚሰጡበት ድረ ገጽ በኦገስት 2010 ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን ለውጦ፣ አባላቱ የለመዱትን መቃወሚያ ቁልፍ ሳይቀር አነሣ፤ የተቆጡት አባላት ወደ ተፎካካሪው ሬዲት ጎረፉ። ስለዚህ ቢዛወሩም ቀስ ብለው፣ ለሦስት ወር ሁለቱንም ክፍት አድርገው ይሁን።

ጥያቄ፦ ከቴል አቪቭ
«በፎረማችን የድሮ ርዕሶች ላይ ሥዕሎቹ ጠፍተዋል። ከነአካቴው መዝጋት ከመጣስ ጽሑፉን እንዴት እናድን?»

መልስ፦ ሥዕሎቹ የተቀመጡት ምናልባት ሌላ ቤት ነው። ብዙ ፎረሞች ቦታ ለመቆጠብ አባላት ፎቶባኬት በተባለ የፎቶ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ ጭነው ሊንክ ብቻ እንዲለጥፉ ያደርጉ ነበር። በጁን 2017 ፎቶባኬት ለዚህ አገልግሎት በዓመት 399.99 ዶላር ሲጠይቅ፣ በዓለም ዙሪያ የፎረሞች የሥራ ማሳያ ፎቶዎች በማስታወቂያ ሥዕል ተተኩ። ከአሁን በኋላ ሥዕል በራሳችሁ ሰርቨር ይቀመጥ፤ በጫኙ ሰው ኮምፒውተር ላይ የቀረ ካለም አባላትን ጠይቁ።

ለጽሑፉ በቅድሚያ የዳታቤዙን ሙሉ ቅጂ አውጡ፤ የተሰቀሉ ፋይሎች ያሉበትን ፎልደር ለብቻው ቅዱ። አማርኛን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ብዙ የድሮ ፎረሞች ሠንጠረዣቸው «ላቲን1» (ለምዕራብ አውሮፓ ፊደላት የተሠራ የፊደል አመዘጋገብ) ተብሎ ተመዝግቦ ውስጡ ግን ዩኒኮድ ፊደል ያስቀምጣሉ። ቅጂው ሲወጣ ዳታቤዙ ፊደሉን ሁለተኛ ጊዜ ይቀይረውና እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ሦስት ትርጉም የሌላቸው የላቲን ምልክቶች ይሆናል። ስለዚህ ቅጂውን በዚያው በ«ላቲን1» አውጡት፣ ስትመልሱት ዩኒኮድን ሙሉ በሙሉ የሚይዘውን «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» ብላችሁ አስገቡት። ተራው «ዩቲኤፍ8» የማይኤስኪውኤል ስሪት የግዕዝን ፊደል ቢይዝም ኢሞጂ አይችልም፤ ኢሞጂ ያለበት ጽሑፍ ከኢሞጂው ጀምሮ ሊቆረጥ ይችላል።

ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ሳትከፍቱ አለን አትበሉ። ከ2004፣ ከ2010ና ከዘንድሮ አንዳንድ ርዕስ ከፍታችሁ አንብቡ። ከዚያ ምዝገባና መጻፍን ዝጉ፣ ኤችቲትራክ በተባለው ነፃ ፕሮግራም ገጾቹን ወደ ተራ ኤችቲኤምኤል ለውጡ፤ ያ ያለ ዳታቤዝ በትንሽ ሰርቨር ላይ ለዓመታት ይቀመጣል። የግል መልእክቶች ከዚህ ቅጂ ውስጥ እንዳይገቡ። ለአባላትም የምትዘጉበትን ቀን ቢያንስ ከ60 ቀን በፊት በኢሜይልም በፊት ገጹም ንገሯቸው፤ ስሙ እንዲነሣለት የሚፈልግ ሰው የሚጠይቀው በዚህ ጊዜ ነው።