መልስ፦ ክትባቱ እያለ ሄፓታይተስ ቢ በአፍሪካ ለምን አልጠፋም?

ሄፓታይተስ ቢ ጉበትን የሚያጠቃ የቫይረስ በሽታ ነው፤ ችግሩ ክትባቱ የሚጀመርበት ሰዓት ላይ ነው። «ልጆች በ6 ሳምንታቸው እየተከተቡ በሽታው ለምን አልጠፋም?» ብለህ ነበር። ቫይረሱ 6 ሳምንት አይጠብቅማ! ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፈው በአብዛኛው በወሊድ ጊዜ ነው። በጨቅላነታቸው ከተያዙ 100 ልጆች 90 ያህሉ ቫይረሱ አብሯቸው ይቀራል፤ አዋቂ ሆነው ከተያዙት ግን ከ100 አምስት እንኳ አይሞሉም።

ለዚህ ነው በተወለዱ በ24 ሰዓት ውስጥ የሚሰጠው የመጀመሪያ ክትባት ወሳኝ የሆነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ በአፍሪካ ቀጠናው ይህን ክትባት ያገኙት ጨቅላዎች 18 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በዓለም ላይ በሄፓታይተስ ቢ አዲስ ከሚያዙት 63 በመቶው ደግሞ እዚሁ ቀጠና ነው ያሉት። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ሳያቸው በጣም ያንገበግበኛል። እናት ቤቷ ከወለደች ደግሞ ብዙ ጊዜ በዚያ 24 ሰዓት ውስጥ ክትባቱን ይዞ የሚደርስላት የለም።

ሌላው፣ ክትባት ቀድሞ የተያዘን ሰው አያድንም። ከክትባቱ በፊት የተወለደው ትውልድ ምርመራና ሕክምና ያስፈልገዋል፤ አብዛኛው ግን መያዙን አያውቅም።

አንድ ነገር ልንገርህ። የቅርብ ዘመዴ ተመርምሮ ቫይረሱ ሲገኝበት «ተሸካሚ ብቻ ነህ፣ ችግር የለውም» ተባለና ክትትሉን ተወው። ምንም አላመመውም ነበር፣ ለዓመታት። ሕመሙ ሲሰማው ጉበቱ ላይ ካንሰር ተገኘ። አንተም ሆንክ የምታውቀው ሰው ውጤቱ ፖዘቲቭ ከሆነ፣ ደህና ነኝ ብላችሁ ክትትሉን እንዳትተዉ።