የሐሮማያ ዳክዬዎች በበልግ ወዴት ይሄዳሉ?

ጥያቄ፦ በጥር ወር ልጆቼን ይዤ በደንገጎ በኩል ወደ ሐሮማያ ሐይቅ ወጥቼ ነበር። ምንቃራቸው እንደ ማንኪያ የሰፋ፣ ራሳቸው አረንጓዴ የሆነ ዳክዬዎች በብዛት አየን። በሚያዝያ ስንመለስ ግን አንድም አልነበረም፤ የቀሩት ግንባራቸው ነጭ የሆነ ጥቁር ወፎች ብቻ ናቸው። ትንሿ ልጄ «ሰው አድኖ ጨረሳቸው» ብላ አዘነች። ምን ሆነው ነው? በበልግስ ወፍ ለማየት መሄድ ይጠቅማል? (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ልጅዎን ያጽናኑልን፤ ዳክዬዎቹ የሄዱት ጊዜያቸው ደርሶ ነው። ሾቨለር የሚባሉት እነዚህ ወፎች እንቁላል የሚጥሉት በአውሮፓና በእስያ ሰሜናዊ አገሮች ሲሆን፣ እዚያ ውሃው በረዶ በሚሆንበት ወራት እኛ ዘንድ ከርመው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ይመለሳሉ። ያ ሰፊ ምንቃር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ስለሆነ፣ ወፉ ውሃውን አስገብቶ በጎን ሲያስወጣ ጥቃቅን ነፍሳትና ዘር እንደ ወንፊት ያስቀርለታል።

ጥቁሮቹ ግን ኩት የሚባሉ የአገር ልጆች ናቸው። በግንባራቸው ላይ ሁለት ጥቁር ቀይ እብጠቶች ካዩ አልተሳሳትንም። ለመነሣት በውሃው ላይ ረጅም ርቀት ይሮጣሉ፤ ጎጇቸውንም በሣርና በቄጤማ ውሃው ላይ ይሠራሉ። ስለዚህ በበልግ መሄድ እጅግ ይጠቅማል፤ የዳክዬዎቹን ስንብት ማየት ከፈለጉ ግን ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ያለው ጊዜ ይሻላል። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይን ከጀርባዎ አድርገው ይቁሙ። የሚያዋጣው የሩቅ ማያ መነጽር ባለ 8 በ42 (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስተዋቱ 42 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ) ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያቀርበው በልጅ እጅ ይንቀጠቀጣል። የሐይቁ ዳር ጭቃ እግር ስለሚውጥ ልጆቹ ከደረቁ መሬት አይለፉ፤ በጫት ማሳ መካከል ማለፍ ካስፈለገም ባለቤቱን ያስፈቅዱ።

ይህን ሁሉ በጉጉት የምንጽፈው ሐይቁ በ1990ዎቹ አጋማሽ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት ስላየን ነው። ለመስኖና ለከተማ የተሳበው ውሃ በዝቶ፣ ከተራቆተው ተዳፋት የወረደው ደለልም ሞልቶት፣ ወፎቹ ከባሕር ማዶ መጥተው የሚያርፉበት ጠፍቶ ነበር። ውሃው በቅርብ ዓመታት መመለሱ ትልቅ ደስታ ነው፤ በዳሩ የተተከሉት የውሃ መሳቢያ ሞተሮች ግን ዛሬም ያሳስቡናል።

ዳክዬዎቹን መልሰው ለማሳየት ከጥቅምት ጀምሮ ይሂዱ። በዚያን ጊዜ ወንዶቹ አረንጓዴውን ላባ ገና ስለማያወጡ እንደ ሴቶቹ ቡናማ ይመስላሉ፤ ልጅዎ «እነዚህ አይደሉም» ካለችዎት ምንቃራቸውን እንድታይ ያድርጉ።