የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ በትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ምግብ እንዳይደፋ ምን እናድርግ?

ጥያቄ፦ ጎንደር፣ አዘዞ አካባቢ በሚገኝ አንድ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቻችን ምሳ በግቢው ካፍቴሪያ ይቀርባል። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ግን በርሜል ሊሞላ ጥቂት የሚቀረው እንጀራ ይደፋል። ጤፍ በዚህ ዋጋ እየተገዛ ይህን ማየት ያሳዝናል። መምህራኑ «የልጆቹ ጥጋብ ነው» ይላሉ፤ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ስብሰባ ላይም ምግብ የሚያስተርፍ ተማሪ ወላጁ ቅጣት ይክፈል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ ቅጣቱን ለጊዜው ያቆዩት። የነገሩን የሚደፋውን መጠን ነው እንጂ ከየት እንደመጣ አይደለም፤ በእንዲህ ያለ በርሜል ውስጥ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ተደባልቀው ይገኛሉ፦ ከወጥ ቤት የወጣ ልጣጭና የተበላሸ አትክልት፣ ተዘጋጅቶ ማንም ሳይነካው በድስትና በመሶብ የቀረ ምግብ፣ እንዲሁም ከተማሪው ሳህን የተራገፈ ትራፊ ናቸው። የመጀመሪያው የግዢና የአያያዝ፣ ሁለተኛው የቁጥር፣ ሦስተኛው የአቀራረብ ጉዳይ ነው። ተማሪውን የሚመለከተው ሦስተኛው ብቻ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን ሙሉ በሙሉ የተማሪው ጥፋት ነው ማለት አይቻልም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ሦስት ባልዲ ለይተው ያስቀምጡና ለሁለት ሳምንት በየቀኑ ያስመዝኑ፤ ለዚህ ሽንኩርት የሚመዘንበት ሚዛን ይበቃል። የጾምና የፍስክ ቀናትን ማወዳደር እንዲቻል ቀኑም አብሮ ይመዝገብ።

ስለ ጥጋቡ አንድ ነገር እንበል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ዘገባ በ2022 በዓለም ላይ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ባክኗል፤ ከዚህ ውስጥ 290 ሚሊዮን ቶን ያህሉ የወጣው እንደ ሆቴልና ካፍቴሪያ ካሉ የምግብ አገልግሎት ሰጪዎች ነው። ለጥያቄዎ የሚጠቅመው ግን ሌላው ውጤት ነው፤ ይኸውም በሀብታም አገሮችና በመካከለኛ ገቢ አገሮች ቤተሰቦች መካከል ያለው የብክነት ልዩነት በሰው በዓመት ከ7 ኪሎ ግራም አይበልጥም። ብክነት የጥጋብ ልጅ ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ እንዲህ ባልጠበበ ነበር።

በእኛ ግምት ትልቁ ኪሳራ ያለው ሁለተኛው ባልዲ ውስጥ ነው። ብዙ ወጥ ቤቶች የሚያበስሉት በተመዘገበው ተማሪ ቁጥር እንጂ በዕለቱ በተገኘው ቁጥር አይደለም። የጎንደር የትምህርት ዘመን ደግሞ ቀኖቹ እኩል አይደሉም። ጥር 10 ከተራ፣ በማግሥቱ ጥምቀት፣ ቀጥሎም ሚካኤል ሲከታተሉ፣ ከበዓሉ በፊትና በኋላ ባሉት የትምህርት ቀናት ብዙ መቀመጫ ባዶ ይሆናል። በሁዳዴ 55 ቀናት እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ የሚጾሙ ትልልቅ ተማሪዎች ይኖራሉ፤ በአንጻሩ ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም የወጡ ዓይነት ይለወጣል። በረመዳን ሙስሊም ተማሪዎች ምሳ አይበሉም። ይህ ሁሉ ድንገት የሚመጣ ነገር ባለመሆኑ በመስከረም ላይ ከቀን መቁጠሪያው ጋር ተቀምጦ ሊታቀድ ይችላል። የዕለቱን ቁጥር ደግሞ የክፍል አለቆች ጠዋት ስም እንደተጠራ ለወጥ ቤት ያድርሱ። ሊጡ ሁለትና ሦስት ቀን ቀደም ብሎ የሚቦካ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን የቦካ ሊጥ አንድ ቀን ቢያድር ይበልጥ ይኮመጥጣል እንጂ አይጠፋም። የተጋገረ እንጀራ ግን በሦስትና በአራት ቀን ውስጥ ሻጋታ ይይዘዋል። ስለዚህ ጥርጣሬ ሲኖር ማቆየት ያለባችሁ ሊጡን ነው፤ እንጨቱም የጋጋሪዋም ድካም አብሮ ይተርፋል።

ወደ ሳህኑ ስንመጣ፣ አንድ ቀን ከማራገፊያው አጠገብ ቆመው የሚመለሰውን ትራፊ ዓይነቱን ይመልከቱ። ወጥ ያልነካው ንጹሕ እንጀራ፣ በተለይም ስስና ደረቅ የሆነው ጠርዙ፣ በብዛት የሚመለስ ከሆነ ልጁ የጠገበ ላይሆን ይችላል፤ ወጡ አልቆበት ይሆናል። በዚህ ጊዜ መፍትሔው እንጀራውን መቀነስና ሽሮውን ወይም ምስሩን በአንድ ጭልፋ መጨመር ነው፤ ሒሳቡም ብዙ ጊዜ ከአሁኑ ወጪ አይበልጥም። ወጡ ራሱ ከተመለሰ በርበሬው ለታናናሾቹ በዝቶ እንደሆነ ይጠርጥሩ። የአንደኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪ አንድ ዓይነት ሙሉ እንጀራ የሚሰጣቸው ከሆነም ምክንያቱን ሌላ ቦታ መፈለግ አያስፈልግም። ለሁሉም ግማሽ እንጀራ ይቅረብና ጭማሪ ለሚፈልግ ያለ ገደብ ይሰጥ። ይህ የሚሠራው ግን «ጨምሪልኝ» ያለ ልጅ ፊት የማይጠቆርበት ከሆነ ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ የተገላመጠ ልጅ በሚቀጥለው ቀን መጀመሪያውኑ ሁለት እጥፍ ይጠይቃል። ስለ ሰዓትም ያስቡ። በአሜሪካ ትምህርት ቤቶች የተደረገ ጥናት ከ20 ደቂቃ ያነሰ የመመገቢያ ጊዜ ያገኙ ተማሪዎች ቢያንስ 25 ደቂቃ ካገኙት ይልቅ ብዙ ምግብ እንደሚያስተርፉ አሳይቷል። እጅ መታጠቢያው አንድ ቧንቧ ብቻ ከሆነና ወረፋው የምሳውን እረፍት ግማሽ ከበላ፣ ልጁ የሚቀመጠው ደወሉ ሊደወል ሲል ነው።

ቅጣቱን የማንደግፈው ለልጆቹ አዝነን ብቻ አይደለም። ቅጣት የተጣለበት ትራፊ ከበርሜሉ ይጠፋል እንጂ ከግቢው አይጠፋም፤ በቦርሳ፣ በዴስክ ሥር ወይም ከመጸዳጃው ጀርባ ይገኛል። ያኔ መዝናችሁ ልታውቁት የምትችሉትን ነገር እንኳ ታጣላችሁ። ልጅን አስገድዶ ሳህን ማስጨረስም እንዲሁ አይመከርም፤ የጠገበ ሆድ ውስጥ የገባ ምግብም የባከነ ነው።

ጥያቄ፦ በአንድ ትምህርት ቤት ምግብ አብሳይ ነኝ። ሳይነካ የተረፈውን ምግብ ለጥበቃዎችና ለተቸገሩ ሰዎች ብንሰጥ ችግር አለው? ከተማሪዎች ሳህን የሚራገፈውን ደግሞ ላም የሚያረቡ አንድ አባት ይወስዱታል። ይህስ?

መልስ፦ እህታችን፣ ሁለቱን ለይተሽ መጠየቅሽ ትክክል ነው። ያልተነካውን መስጠት መልካም ነው፤ ቁም ነገሩ ሰዓቱ ላይ ነው። የበሰለ ምግብ በተራ ክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ እስኪሰጥ ድረስም ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ትኩስ ሆኖ ሊጠበቅ ይገባል። በትልቅ ድስት የተረፈ ወፍራም ሽሮ መሐሉ ለረጅም ጊዜ ለብ እንዳለ ስለሚቆይ ባክቴሪያ ይመቸዋል፤ የሚያድር ከሆነ በዝርግ ዕቃ ላይ በስሱ ተገልብጦ ቶሎ ይቀዝቅዝና ማቀዝቀዣ ይግባ። በማግሥቱ እስኪፈላ ማሞቅ ግዴታ ነው፤ ሆኖም ውጭ ያደረውን ማፍላት አያድነውም፤ አንዳንድ ባክቴሪያ የሚተወው መርዝ በእሳት አይጠፋምና። እንጀራው ቀላል ነው። በዕለቱ ተቆራርጦ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ድርቆሽ ይሆንና ለሌላ ቀን ፍርፍር ይደርሳል፤ የጎንደር የቆሎ ተማሪዎች በአኩፋዳቸው የሰበሰቡት ቁራሽ ስንቅ ሆኖ ያኖራቸው የነበረውም ደረቅ በመሆኑ ነው። የሻገተ እንጀራ ግን፣ የሻገተው ቦታ ብቻ ተቆርጦ ቢጣል እንኳ፣ ለድርቆሽ አይሆንም፤ እንጀራው ዓይናማ ስለሆነ ሻጋታው ከሚታየው ቦታ አልፎ ይገባል።

ላሞቹን በሚመለከት ለአባታችን ሦስት ነገር ንገሪያቸው። እንጀራ ድንገት በብዛት የተሰጣት ላም ትልቁ ጨጓራዋ አሲድ ይበዛበትና ትነፋለች፤ ልትሞትም ትችላለች፤ ስለዚህ ከገለባና ከሣር ጋር በጥቂቱ እየተለማመደ ይሰጥ። ሁለተኛ፣ ሥጋና አጥንት የነካው ትራፊ ለላም አይሰጥም፤ ፌስታልም ተለቅሞ ይውጣ። ሦስተኛ፣ የሻገተውን አይውሰዱ፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ በወተቱ በኩል ተመልሶ ሰው ዘንድ ይደርሳል።

ጥያቄ፦ የትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ትራፊውን ብስባሽ ማድረግ ይፈልጋል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከልጣጩ ባልዲ ጀምሩ፤ ዘይትና ጨው ያለበትን ወጥ ለጊዜው ተዉት። አንድ ባልዲ ልጣጭ ሁለት ወይም ሦስት ባልዲ ደረቅ ቅጠል ወይም ገለባ ይፈልጋል፤ ባሕር ዛፍ ግን ቶሎ ስለማይበሰብስ አይብዛ። ክምሩ በእጅ ሲጨበጥ የሚያረጥብ፣ ውኃ ግን የማያንጠባጥብ ይሁን፤ በየሁለት ሳምንቱ ይገለበጥ። በጥቅምት የተጀመረ ክምር በየካቲት ገደማ ለአትክልት ቦታው ይደርሳል። የመጨረሻው ክምር ከሰኔ በፊት ይዘጋና በደንብ ይሸፈን፤ በሐምሌና በነሐሴ ግቢው ባዶ ስለሆነ የሚገለብጠው የለም፤ የክረምቱ ዝናብም ያጥበዋል። ወጥ የነካ ነገር አይጥና ውሻ ይጠራል፤ አጥራችሁ ክፍተት ካለው ደግሞ ሌሊት ጅብም ይመጣል።