ድንጋዩ የፈሰሰ፣ አንቴናው የተሰበረ፦ ስለ ድሮ ሬዲዮ መለዋወጫ የጠየቃችሁን

በዚህ ወር ከከተማው ዳር ዳር፣ ከለገጣፎ፣ ከኮዬ ፈጬ፣ ከሰበታ፣ ከአስኮ የመጡት ጥያቄዎች አብዛኛዎቹ የድሮ የእጅ ሬዲዮን የሚመለከቱ ናቸው። እንደሚገባኝ ሰፈር ውስጥ ያሉት ሰሪዎች ወደ ሞባይል ዞረዋል፣ ሬዲዮ ይዘህ ስትሄድ ከፍቶ የሚያይልህ ሰው ማግኘት ከባድ ሆኗል፣ እቃውን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ማግኘት አለባችሁ ማለት ነው። እስቲ ወደ ጥያቄዎቹ።

ከለገጣፎ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአባቴ ፊሊፕስ ሬዲዮ ነው፣ አራት ትልቅ ድንጋይ ይበላል። እሳቸው ካረፉ በኋላ ቁም ሳጥን ላይ ቆይቶ ስከፍተው ድንጋዩ ፈሷል፣ ስፕሪንጉ ተበልቷል፣ ነጭና አረንጓዴ ነገር ሞልቶታል። ስፕሪንጉ ብቻውን ይሸጣል ወይ? ሰሪ ጋ ብወስደው ጣይው አለኝ።

እህቴ እንዳትጥዪው! ይሄ ከሬዲዮ ችግሮች ሁሉ ቀላሉ ነው፣ ቦርዱ ምንም ላይሆን ይችላል። መጀመሪያ የፈሰሰው ድንጋይ ምን አይነት እንደሆነ እዪ። ሱቅ ውስጥ በርካሽ የሚሸጠው ትልቁ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ዚንክ ካርቦን ነው፣ ከሱ የሚወጣው አሲድነት ስላለው በውሃ የተበጠበጠ ቤኪንግ ሶዳ ነው የሚያለዝበው (ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፣ እሱ ውስጡ አሲድ አለው)። ድንጋዩ ላይ አልካላይን የሚል ከተጻፈ ግን ነገሩ ይገለበጣል፣ የሚፈሰው ፖታሽየም ሃይድሮክሳይድ ስለሆነ ሎሚ ወይ ኮምጣጤ ነው የሚፈልገው። ጥጥ ትንሽ አስነክሪና ጠርጊው፣ ጓንት አድርጊ፣ አይንሽን እንዳይነካሽ፣ ውሃ ወደ ውስጥ እንዳታፈሺ። ከዛ በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ደግመሽ ጥረጊና ጥላ ላይ በደንብ ይድረቅ፣ ጸሀይ ላይ አታስጪው ፕላስቲኩ ይጣመማል።

ስፕሪንጉን በተመለከተ ብቻውን ሲሸጥ እምብዛም አይገኝም፣ ግን ያንኑ ትልቅ ድንጋይ የሚበላ የተበላሸ የእጅ ባትሪ ካለ ከስሩ ያለው ስፕሪንግ ልኩ ነው። በሊድ ከመበየዱ በፊት በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ ይታሽ፣ ካልሆነ ሊዱ አይዝም። ብየዳው ደግሞ ከፕላስቲኩ ወጥቶ ይሁን። አንድ ነገር ሰሪዎች ይረሱታል፣ የፈሰሰው ነገር ከስፕሪንጉ ላይ በሽቦው ውስጥ እየተሳበ ይሄዳል፣ ሽቦው ከላይ ደህና መስሎ ውስጡ ጠቁሮ ይገኛል። ስለዚ ከስፕሪንጉ ወደ ቦርዱ የሚሄዱትን ሁለቱን ሽቦዎች አብረሽ አስቀይሪ። ብዙ ሬዲዮ ሞተ የሚባለው በነዚህ ሁለት ሽቦዎች ነው።

ከአስኮ፦ ሶኒ ሬዲዮዬ ከጠረጴዛ ወድቆ አንቴናው ተሰበረ፣ ስከፍተው ደግሞ ውስጡ ያለው ጥቁር ዘንግ ለሁለት ተሰብሯል። ሁለቱንም የት አገኛለሁ?

ሁለቱ አንቴናዎች ስራቸው የተለያየ ነው። የሚሳበው የብረት አንቴና ለኤፍኤምና ለአጭር ሞገድ ነው፣ ጥቁሩ ዘንግ ፌራይት ይባላል፣ መካከለኛ ሞገድን የሚይዘው እሱ ነው። (መካከለኛ ሞገድ ሲያዳምጡ የብረቱን አንቴና ማውጣት ማስገባት ብዙ ለውጥ የለውም፣ ሬዲዮውን ራሱን ማዞር ነው እንጂ።) ፌራይቱን አዲስ ፈልገህ አትልፋ፣ ስብራቱ ንጹህ ከሆነ ሁለቱን ፊት አጥብቀህ በሱፐር ግሉ ግጠመው፣ በመሀሉ ክፍተት ካልቀረ የሚቀንሰው ጉልበት ትንሽ ነው። የምትጠነቀቀው ለተጠመጠመበት ሽቦ ነው፣ አንድ ሽቦ ይመስላል እንጂ ብዙ ጊዜ ከጸጉር የቀጠኑ ብዙ ሽቦዎች አንድ ላይ የተገመዱ ነው፣ ከነሱ አንዱ ሁለቱ ከተበጠሱ ጣቢያው ይደክማል። ጥቅሉንም ከነበረበት ቦታ አታንሸራትተው፣ ከፋብሪካ ሲወጣ ቦታው ተስተካክሎ በሰም ተይዟል።

የብረቱን አንቴና ስትገዛ የሬዲዮህን ስም ብትናገር አይጠቅምህም፣ የተሰበረውን ይዘህ ሂድ። የሚታየው አራት ነገር ነው፣ ሲዘረጋ ርዝመቱ፣ ሲታጠፍ ርዝመቱ (ሬዲዮው ላይ ያለው ቦይ ውስጥ መግባት አለበት)፣ የስሩ ውፍረት፣ እና ስሩ ላይ ያለው ብሎን ከየት በኩል እንደሚገባ። የመጨረሻው ነው ሰውን የሚያስቸግረው፣ አንዳንዱ ከጎን አንዳንዱ ከስር ነው የሚታሰረው። ለኤፍኤም 75 ሳንቲሜትር አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው፣ 100 ሜጋኸርዝ አካባቢ የሞገዱ ሩብ ስለሆነ። ለአጭር ሞገድ ግን በረዘመ ቁጥር ይሻላል።

ከኮዬ ፈጬ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምንኖረው። ለናሽናል ፓናሶኒኬ አዳፕተር ገዛሁ፣ አንዱ ጭራሽ አላስነሳ አለው፣ ሌላው ያስነሳዋል ግን ከኤፍኤም ውጪ ጩኸት ብቻ ነው።

አላስነሳ ያለህ አዳፕተር ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። ዛሬ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው አዳፕተር የጃኩ (የመሰኪያው) መሀል ፖዘቲቭ ነው፣ የድሮ የጃፓን ሬዲዮዎች ግን ብዙዎቹ መሀሉ ኔጋቲቭ ነው የሚፈልጉት። ከጃኩ አጠገብ ክብና ነጥብ ያለበት ትንሽ ስእል አለ፣ ከነጥቡ የሚወጣው መስመር ፕላስ ነው ወይስ ማይነስ የሚለውን አይተህ ነው የምትሰካው። እስካሁን ካልተቃጠለ እድለኛ ነህ፣ ደግመህ አትሞክር። ቮልቱን ለማወቅ ድንጋዮቹን ቁጠርና በ1.5 አባዛ፣ አራት ድንጋይ ከሆነ 6 ቮልት ነው።

ጩኸቱ የሚመጣው ከአዳፕተሩ አይነት ነው። ቀላሉና ትንሹ አዳፕተር ልክ እንደ ሞባይል ቻርጀር ኤሌክትሪኩን በጣም በፍጥነት እያበራ እያጠፋ ነው የሚሰራው፣ ያ ነገር መካከለኛና አጭር ሞገድን ይረብሻል። የምትፈልገው የድሮውን፣ ውስጡ ትራንስፎርመር ያለበትን፣ ስታነሳው ከበድ የሚለውን ነው። እሱም ግን ቮልቱን አስተካክሎ የሚይዝ ነገር ከሌለው ሬዲዮው ጠፍቶ ሳለ ከተጻፈበት በላይ ሊሰጥ ይችላል፣ በቴስተር (ቮልትና ኦም በሚለካው መሳሪያ) አስለካው። የኤልኢዲ አምፖልና የተሰካ ቻርጀርም ይረብሻሉ፣ እነሱን ነቅለህ ሬዲዮውን ወደ መስኮት አስጠጋው፣ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ብረትና ኮንክሪት ስላለበት ሞገድ ያዳክማል።

ከሰበታ፦ ትልቁ ድንጋይ ተወደደብኝ። የሰፈራችን ሰሪ ሁለት የላፕቶፕ ባትሪ ላስገባልህ አለኝ። ሬዲዮው አራት ድንጋይ ነው።

ጋሼ ይቅርብዎ። ከላፕቶፕ የሚወጣው የሊትየም ባትሪ አንዱ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው፣ ሁለቱ ሲቀጠሉ 8.4 ይሆናል፣ ሬዲዮዎ የተሰራው ለ6 ነው። ትራንዚስተሮቹ ሊሞቁ ይችላሉ፣ ጀርመኒየም ትራንዚስተር ያለበት የ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሬዲዮ ከሆነማ ሙቀት ጨርሶ አይወድም፣ ምትኩም ዛሬ በቀላሉ አይገኝም። አንድ ሊትየም ከመከላከያና ከቻርጅ ቦርዱ ጋር ሶስት ድንጋይ ለሚበላ የ4.5 ቮልት ሬዲዮ ነው የሚሆነው። ለእርስዎ የሚሻለው ትንሹን ድንጋይ ወደ ትልቁ ልክ የሚያመጣ የፕላስቲክ ቀፎ ነው፣ ውስጡ በቻርጅ የሚሞላ ትንሽ ድንጋይ ያስገባሉ። የሚሞላው ድንጋይ 1.2 ቮልት ስለሆነ አራቱ 4.8 ይሆናል፣ ድምጹ ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ አብዛኛው ሬዲዮ ይሰራል፣ የድንጋይ ቤቱም ሳይቆረጥ ይተርፋል። ስለድንጋይ ቤቱ አደራ እላለሁ፣ ለሊትየም ተብሎ አንዴ ከተቆረጠ መለዋወጫ የለውም።

ከካራ ቆሬ፦ ስፒከሩ ተቀዷል፣ ሰሪው የመኪና ስፒከር ገጠመልኝ፣ አሁን ድምጹ ይቆራረጣል ጀርባውም ይሞቃል።

አስፈታው፣ ዛሬውኑ። የመኪና ስፒከር ብዙ ጊዜ 4 ኦም ነው (ኦም ኤሌክትሪክን የመቋቋም መለኪያ ነው)፣ የእጅ ሬዲዮ አብዛኛው 8 ነው፣ አንዳንዱ የድሮ ደግሞ ከዛም በላይ አለው። ኦሙ ሲያንስ ትራንዚስተሩ ከአቅሙ በላይ ይጎተታል፣ የሚሞቀው ለዛ ነው። የድሮው ስፒከር ማግኔቱ ጀርባ ላይ ኦሙ ተጽፏል፣ ከጠፋ በቴስተር ለካው፣ 8 ኦም ስፒከር ስትለካው 6 ወይ 7 አካባቢ ነው የሚያሳየው። እንዲያውም ወረቀቱ ብቻ ከሆነ የተቀደደው፣ በስስ ሶፍትና ትንሽ ውሃ በገባበት ነጭ ኮላ ለጥፈው፣ ኮላ አታብዛበት ይከብደዋል። ድምጽ ስትጨምር ቱፍ ቱፍ ቱፍ የሚልም ከሆነና ድንጋዩ አዲስ ከሆነ፣ የቦርዱ ትልልቅ ኮንደንሰሮች ደርቀዋል ማለት ነው። እነሱ አዲስ ይገኛሉ፣ ማይክሮፋራዱ እኩል፣ ቮልቱ እኩል ወይ ከፍ ያለ፣ ኔጋቲቩ በነበረበት በኩል።

ከአባዶ፦ መርካቶ የት ብሄድ ነው የድሮ ሬዲዮ እቃ የማገኘው?

ምናለሽ ተራ ነው የምልክህ። ግን እዛ እቃ እቃውን አትጠይቅ፣ የራስህን ሬዲዮ ሞዴል ሙሉ ሬዲዮ፣ የማይሰራ፣ ፈልግ። ኮንደንሰር፣ ስፒከር፣ ጃክ ከሌላ ይተካል፣ የማይተካው የጣቢያ መስታወቱ፣ የመቃኛው ጭንቅላት፣ የሞገድ መቀየሪያው፣ የድንጋይ ቤት ክዳኑ፣ ውስጡ ያሉት ባለ ቀለም ራስ ትንንሽ ጥቅሎች ናቸው፣ እነዚህ ለዛ ሞዴል ብቻ የተሰሩ ናቸው። የሞተው ሬዲዮ ግን ሁሉንም ይዟቸው ነው የሚቀመጠው። ክዳን የጠፋበት ወይ ስፒከር የሌለው ብለህ አትለፈው፣ ያንተ የጎደለው እሱ ላይ ካለ ያ ነው መለዋወጫህ። እኔ ቢቻል ሁለት ይገዛ ባይ ነኝ። ስትፈታው ደግሞ በየደረጃው ፎቶ አንሳ፣ በተለይ የመቃኛው ክር በየመዘውሩ እንዴት እንደተጠመጠመ። ክሩ ከተበጠሰ የአሳ ማጥመጃ ናይለን አትጠቀም ያንሸራትታል፣ የተጎነጎነ ቀጭን ክር ነው የሚይዘው።

ከገላን፦ ከጃፓን የመጣ ቆንጆ ሬዲዮ ሊሸጡልኝ ነው፣ ልግዛ?

ከመክፈልህ በፊት የጣቢያ መስታወቱን አንብብ። የጃፓን ኤፍኤም ከ76 እስከ 90 ነበር የሚሄደው፣ እዛ ላይ ኤፍኤም አዲስ 97.1ም ሸገር 102.1ም የሉም። ግን የቴሌቪዥን ድምጽ ከ1 እስከ 3 የሚል ምልክት ካለበት እስከ 108 ይደርሳል፣ እሱን ግዛው። የድሮ የአውሮፓ ሬዲዮም አንዳንዱ 104 ላይ ያበቃል፣ አፍሮ 105.3 የምታዳምጥ ከሆነ እሱንም እይ።