«ተሳስቻለሁ» ወይስ «በድያለሁ»? አንድ የእድር ጸሐፊ ለላኩልን ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። በሁለት አባሎቻችን መካከል የተነሣው ጠብ በሽማግሌዎች ታይቶ ዕርቅ ከወረደ በኋላ ቃለ ጉባኤውን እንዳዘጋጅ ታዘዝኩ። አንደኛው አባል የሌላውን የቤተሰብ ምስጢር በሰው ፊት ተናግሯል። «ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ» ቢልም ሌላው «አልተሳሳተም፤ በድሎኛል፤ እሱን ይበል» ብሎ ሽማግሌዎቹን ብዙ አደከመ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «‹አጥፍቻለሁ› ካለ ይበቃል» አሉ። በመጨረሻም «ሁለቱ ወገኖች ተቻችለው እንዲኖሩ ተስማሙ» ብለህ ጻፍ ተባልኩ። በሦስቱ ቃላት መካከል በእርግጥ ልዩነት አለ? «ተቻችለው» የሚለውስ ለዚህ ቦታ ይስማማል?

መልስ፦ ልዩነት አለ፤ ቅር የተሰኙት አባል በቃሉ ላይ መጽናታቸውም ነገር ማክረር ብቻ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ሦስቱን ግሦች በችኮላ ንግግር አንዱን በሌላው ቦታ ስንጠቀምባቸው ብንሰማም፣ ከተሳቢ ጋር አጣምረን ብንሞክራቸው ሰዋስዉ ራሱ ይለያያቸዋል። «በደልኩህ» ማለት ይቻላል፤ የተጎዳው ሰው በቀጥታ የግሡ ተሳቢ ሆኖ ይገባል። «ተሳሳትኩህ» የሚል አማርኛ ግን የለም። «አጠፋሁህ» ይባላል፤ ይሁን እንጂ «ደመሰስኩህ» ማለት ይሆንና ዕርቅ ሊጠይቅ የመጣው ሰው የዛተ ይመስላል። እንግዲህ ከሦስቱ የተጎዳውን ሰው ፊት ለፊት ማየት የሚችለው «በደለ» ብቻ ነው። አባልዎ ሲጠይቁ የነበሩትም ይህንኑ ይመስለኛል፤ ምስጢራቸው በአደባባይ የወጣባቸው ሰው በአረፍተ ነገሩ ውስጥ ራሳቸውን ፈልገው አጡ።

«ተሳሳተ» የተገኘው ከግእዙ «ስሕተ» ነው፤ አማርኛ «ሕ»ን ውጦ «ሳተ» አለው። ዒላማውን የሳተ ተኳሽ፣ መንገድ የሳተ እግረኛ፣ ራሱን የሳተ በሽተኛ እንላለን። ዒላማውንም ሆነ መንገዱን የሳተው ሰው ሊደርስበት አስቦ ያልደረሰበት ነገር አለ፤ ራሱን የሳተው ደግሞ የሚያደርገውን አያውቅም። ስለዚህ «ተሳስቻለሁ» የሚል ሰው፣ ልብ ቢለውም ባይለውም፣ ሐሳቤ ሌላ ነበር፣ እጄ ወይም ምላሴ ወዳላሰብኩት ሄደ እያለ ነው። «ሰው ሆኖ የማይሳሳት፣ እንጨት ሆኖ የማይጤስ የለም» የሚለው ተረት ይህን ግሥ መምረጡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ለሁላችን የተሰጠን ሰፊ መጠለያ ይህ ነውና። ችግሩ ዐውቆ ያደረገውም ሰው እዚያው መጠለያ ሥር መግባት መፈለጉ ነው። የቤተሰብ ምስጢር ከአፉ ያመለጠው ሰው ተሳስቷል ሊባል ይችላል፤ ሊያዋርድ ብሎ የተናገረው ግን አልተሳሳተም፤ ያለመውን በትክክል መትቷል።

«አጠፋ» በሁለቱ መካከል ይቆማል። ከ«ጠፋ» የመጣ በመሆኑ መብራትንም እሳትንም ዕዳንም እናጠፋበታለን፤ «ጥፋት» የሚለው ስምም በአንድ በኩል ውድመትን፣ በሌላ በኩል ተጠያቂ የሚያደርግ ድርጊትን ያመለክታል። የኖኅን ዘመን ጎርፍ «የጥፋት ውሃ» የምንለው በመጀመሪያው ፍቺ ነው፤ ልጅ ዕቃ ሰብሮ «አጠፋሁ» የሚለው ደግሞ በሁለተኛው። «አጥፍቻለሁ» የሚለው ሰው ሊደረግ የማይገባውን አድርጌአለሁ፣ ሥርዓት አፍርሻለሁ ይላል እንጂ ማንን እንደጎዳ ገና አልተናገረም። ለዚህ ነው በሽማግሌ ፊት፣ በመምህር ፊት፣ በአባት ፊት የሚመቸው፤ የሚዳኘው ሰው ሥርዓት ጠባቂ ነውና። ሽማግሌው «ይበቃል» ያሉትም ከነበሩበት ቦታ ሲታይ እውነት ነው፤ ለሸንጎው ይበቃል።

ሕግ ጸሐፊዎቻችን ይህን ልዩነት በሚገባ ተጠቅመውበታል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዝዛል፤ በቁጥር 2029 ደግሞ ጥፋት ታስቦም ሆነ በቸልተኝነት ሊፈጸም እንደሚችል፣ በማድረግም ባለማድረግም ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። በዚያው ሕግ «ስህተት» የሚባለው ግን የሚገኘው በሌላ ቦታ ነው፤ ከቁጥር 1696 ጀምሮ ስለ ውል ፈቃድ በሚናገረው ክፍል በስህተት የተዋዋለ ሰው ውሉ እንዲፈርስለት መጠየቅ እንደሚችል ተመልክቷል። ልብ ይበሉ፤ ጥፋት የሠራው ይከፍላል፣ የተሳሳተው ግን ከለላ ያገኛል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም እንዲሁ ነው፤ በአንቀጽ 57 አስቦ ወይም በቸልተኝነት ካልሠራ በቀር ማንም ጥፋተኛ እንዳይባል ይደነግግና፣ በአንቀጽ 80 የፍሬ ነገር ስህተትን ለተከሳሹ መከላከያ አድርጎ ያቀርባል። ፍርድ ቤት «ጥፋተኛ ነህ» ይላል እንጂ «ተሳሳች ነህ» ሲል ተሰምቶ አያውቅም።

ወደ «በደለ» ስንመለስ ከጸሎት የቀረበ ምስክር አለን። «አቡነ ዘበሰማያት» በግእዝ «ኅድግ ለነ አበሳነ ወጌጋየነ ከመ ንሕነኒ ንኅድግ ለዘአበሰ ለነ» የሚለውን፣ የአማርኛው ጸሎት «በደላችንን ይቅር በለን፤ እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ብሎ ይመልሰዋል። እዚህ «ስህተታችንን» ቢገባ ዐረፍተ ነገሩ ይንኮታኮታል፤ «የተሳሳቱንን» ማለት አይቻልምና ሁለተኛው ሐረግ ሊሠራ አይችልም። የሰዎችን እርስ በርስ መበዳደል መሸከም የሚችለው ግሥ ይኸው አንዱ ነው። ነገር ግን በደል የግድ ክፉ ሐሳብ ያስፈልገዋል ብለው እንዳይደመድሙ እለምንዎታለሁ። ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ጎረቤቶቹን ሲሰናበት «ሳላውቅ በድያችሁ ከሆነ ይቅር በሉኝ» ይላል፤ ሳያውቁ መበደል እንዳለ ቋንቋው ያምናል። በደል እንዲባል የሚያስፈልገው ተበዳይ መኖሩ ነው። ስለዚህ የእድራችሁ አባል «አስቤ አይደለም» ብለው ቢከራከሩ እንኳ «በድያለሁ» ከማለት አያድናቸውም፤ «አስቤ አይደለም፤ ሆኖም በድያለሁ» ማለት ፍጹም ጤነኛ አማርኛ ነው።

ሌሎቹን ቃላት በአጭሩ ልለፋቸው። «እንከን» እና «ጉድለት» ከድርጊት ይልቅ ለዕቃና ለጠባይ ይስማማሉ። «ግድፈት» ከጽሑፍ ላይ ለወደቀች ፊደል፣ እንዲሁም ጾም ለገደፈ ሰው ነው። «ነውር» ሕግ ባይኖርም ሰው የሚያፍርበት ነው። «ወንጀል» በፍርድ ቤት አንድ ፍቺ ሲኖረው ሙስሊም ወገኖቻችን በፈጣሪ ፊት ለሚያስጠይቀው ኃጢአትም ይጠቀሙበታል፤ «ወንጀሌን አላህ ይማረኝ» ሲባል የሰማ ፖሊስ መጥራት የለበትም። በቅርብ ዘመን ደግሞ በየመሥሪያ ቤቱ «ክፍተት» የሚባል ቃል በዝቷል። «የአሠራር ክፍተት ታይቷል»፣ «ለተፈጠረው ክፍተት ይቅርታ እንጠይቃለን» ይባላል። ይህን አጻጻፍ አልወደውም። ክፍተት በሁለት ነገሮች መካከል ያለ ባዶ ቦታ ስለሆነ ባለቤት የለውም፤ «ተፈጠረ» የሚለው ግሥ ሲጨመርበት ደግሞ ጥፋቱ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። በቃለ ጉባኤዎ ውስጥ እንዳይገባ ቢጠነቀቁ መልካም ነው።

አሁን ወደ «ተቻችለው» እንምጣ። «ቻለ» ኃይል ማግኘትንም ሸክም መሸከምንም ይገልጻል፤ «ሥራውን ይችላል» እና «ችዬው ኖርኩ» አንድ ግሥ ናቸው። ሁለተኛው ፍቺ ሲደጋገምና «ተ»ን ሲቀበል «ተቻቻለ» ይሆናል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ «ሳተ»ም በዚሁ መንገድ «ተሳሳተ» ብሏል፣ ሁለቱም በቅርጽ መንትዮች ናቸው፤ ነገር ግን ብቻውን የሚሳሳት ሰው ሲኖር ብቻውን የሚቻቻል የለም። «ጎረቤቴ ተቻቻለኝ» ወይም «አለቃው ሠራተኛውን ተቻቻለው» ብሎ የሚጽፍ ሰው አንዳንድ ጊዜ ያጋጥመኛል፤ ስህተት ነው። አንዱ ብቻ ሲሸከም «ቻለኝ»፣ «ታገሠኝ»፣ «አለፈልኝ» እንላለን። መቻቻል ባለቤቱ ሁልጊዜ ብዙ ነው፤ እኔ ያንተን ስሸከም አንተም የእኔን እየተሸከምክ መሆን አለበት።

ለዚህ ነው ቃሉ ለሃይማኖት፣ ለጠባይ፣ ለባህል ልዩነት የተስማማው፤ በዚያ አንዱ በዳይ ሌላው ተበዳይ አይደለም። «መቻል ሸክምን ያስታውሳልና ‹መከባበር› ይሻላል» የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ቅሬታቸው ይገባኛል፣ ሆኖም ሸክም መኖሩን ያልደበቀ ቃል ለእኔ ከጌጠኛው ይልቅ ታማኝ ነው። በእናንተ ጉዳይ ግን ሌላ ችግር አለ። የአንዱ ምስጢር ወጥቶበት፣ ሌላው አውጥቶ፣ «ሁለቱ ተቻችለው» ተብሎ ሲጻፍ ተበዳዩም የሚቻል አንዳች ነገር የሠሩ ያስመስላል። ሽማግሌዎቹ ይህን የመረጡት ማንም እንዳያፍር አስበው እንደሆነ እገምታለሁ፤ የሰላም ፍላጎታቸው የሚመሰገን ቢሆንም ሰነዱ የሆነውን አይናገርም።

«ተታግሠው» ቢባልስ የሚል ሊኖር ይችላል። መታገሥ ከጊዜ ጋር የተቆራኘ ነው፤ «የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል» የሚባለው የሚጠበቅ ነገር ስላለ ነው። ቻይ ሰው ምንም ሳይጠብቅ ሊችል ይችላል፤ ታጋሽ ግን አንድ ቀን ይለወጣል ብሎ ያምናል። ተበዳዩ ወደ ፊት እንዲታገሡ ማሳሰብ ይቻላል፤ ያለፈውን ነገር ግን የሚዘጋው ትዕግሥት ሳይሆን ይቅርታ ነው።

«ይቅርታ» እንዴት እንደተሠራ ማየት ለጸሐፊ ይጠቅማል። «ይቅር» ማለት «ይተው፣ አይነሣ» ማለት ነው፤ በእሱ ላይ «ታ» ሲጨመር ስም ሆነ። «ይሁን» ብሎ «ይሁንታ»፣ «ይሉኝ» ብሎ «ይሉኝታ» እንደተባለው ሁሉ፣ ሙሉ ንግግር በስም ተጠቅልሏል። ይቅርታና ይሉኝታ በአሠራራቸው ወንድማማች ናቸው፤ በሽምግልና ላይም አብረው ይገኛሉ፤ ከልቡ ሳይሆን «ምን ይሉኛል» ብሎ ይቅር ያለ ሰው ስንት ነው! ከቅርጹ እንደምንረዳው ግን «ይቅር» የማለት ሥልጣን የተበዳዩ ብቻ ነው። በዳዩ ይጠይቃል፣ ተበዳዩ ይላል፤ «ይቅር ለእግዚአብሔር» የሚለው የቆየ መልስ ከተበዳዩ አፍ መውጣት ያለበትም ለዚሁ ነው። በወሎ፣ በሐረርና በድሬዳዋ የሚሰማው «አፉ በለኝ»ም ከዐረብኛ ይምጣ እንጂ ሥራው ያው ነው። «ምሕረት» በአንጻሩ ከበላይ ይወርዳል፤ ሕጋችንም ሁለቱን አይቀላቅልም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 በሰው ልጆች ላይ የተፈጸሙ ወንጀሎች በምሕረትም በይቅርታም እንደማይታለፉ ሲደነግግ ሁለቱንም ለየብቻ ጠርቷቸዋል። የእድር አባል ለአባል ምሕረት አያደርግም።

ከተባለው ሁሉ ተነሥቼ ለቃለ ጉባኤዎ የማቀርበው ዐረፍተ ነገር እንዲህ ነው፦ «አንደኛው ወገን የሌላውን የቤተሰብ ምስጢር በሰው ፊት በመናገር መበደሉን አምኖ ይቅርታ ጠየቀ፤ ሁለተኛውም ወገን ይቅር አለ፤ ከእንግዲህ ጉዳዩን እንደገና ላያነሡ በሽማግሌዎች ፊት ታረቁ።» ለወደ ፊቱ ኑሯቸው «ተቻችለው» የሚለው የግድ ካስፈለገ ከዚህ ቀጥሎ በሌላ ዐረፍተ ነገር ይግባ፤ በደሉ በስሙ ከተጠራ በኋላ ቦታው ነውና። ስለ ፊደሉም ካሰቡ፣ ሥርወ ቃሉን ለሚጠብቅ ጸሐፊ «ስሕተት» በሐመሩ «ሕ»፣ «ዕርቅ» በዐይኑ «ዕ»፣ «ትዕግሥት» በዐይኑ «ዕ» እና በንጉሡ «ሥ» ይጻፋሉ፤ «ስህተት» ግን በኅትመት በጣም ስለተለመደ፣ እኔም ከላይ በመደበኛው ጽሑፌ እንዳደረግሁት፣ ቢጠቀሙበት የሚነቅፍዎ አይኖርም።