አብቦ ከደረሰ የቅንጨ አረም ጋር ምን ይደረጋል?

ባለፈው ሰሞን አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙም አልቆየች። ከደብረ ሲና ቁልቁል ባለው ቆላ፣ አንድ ቀበሌ ላይ በልማት ሠራተኛነት ተመድባለች። «ጋሼ፣ ለቅንጨ ዘመቻ ሰው የሚወጣው ነገ ነው። አረሙ ግን አብቦ ነጭ ሆኗል። ሰዉን ልመልስ ወይስ እናስነቅል?» ነው ያለችኝ።

በሁለት መስመር መለስኩላት። ከዚያ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። እናንተም፣ ግብርና ተምራችሁ ገጠር የምትመደቡ ሁሉ፣ ይቺው ጥያቄ ትገጥማችኋለችና ረዘም አድርጌ ልጻፈው።

ቅንጨ የምንለው ፓርቲኒየም መነሻው አሜሪካ አህጉር፣ ሜክሲኮ አካባቢ ነው። እኛ ዘንድ በ1970ዎቹ በምሥራቅ በኩል፣ ድሬዳዋና ሐረርጌ ላይ ታየ። ከእርዳታ ስንዴ ጋር ነው የገባው ይባላል። ከዚያ በኋላ መኪናው፣ ድርቆሹ፣ አሸዋውና ጎርፉ ተሸክመው አዳረሱት። የደሴን መንገድ ይዛችሁ ከጣርማበር ስትወርዱ ብርዱ ይቀራል፣ ሙቀቱ ይጀምራል፣ የአስፋልቱ ዳርና ዳር ነጭ በነጭ ይሆናል። (እግረ መንገዴን፦ ደብረ ሲና ላይ መኪና ሲቆም በመስኮት ቆሎ የሚያቀብሉት ልጆች ይናፍቁኛል። ጉም ውስጥ እጅ ብቻ ነበር የሚታየው።)

እኔ ያኔ በአንድ ቆላ ወረዳ የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ነበርኩ። እዚያ ማሾ የሚዘሩ አንዲት እናት ነበሩ። እሳቸውና ጎረቤቶቻቸው ማንም ሳያዛቸው ቅንጨን ይነቅሉ ነበር። የሰኔ ዝናብ ጣል ሲያደርግ፣ ቡቃያው ገና መሬት ላይ ተለጥፎ ቅጠሉን ዘርግቶ ሳለ፣ በወንፈል ይወጣሉ። ዛሬ የአንዱ ማሳ ዳር፣ ነገ የሌላው። ጠዋት፣ መሬቱ እርጥብ ሳለ፣ ሥሩ ሳይበጠስ ሳብ ነው። ሴቶቹ እጃቸው ላይ ፌስታል ያጠልቃሉ። ብዙ አይወራም፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ይበተናሉ። ማሳቸው ንጹህ ነበር ማለቴ አይደለም። ግን አረሙ ከማሳው ዳር አልፎ አያውቅም።

በኋላ ዘመቻው መጣ። እኔ በሰኔ ይነቀል ብዬ ጽፌ ነበር። «ፕሮግራሙ ከበላይ አልወረደም» ተባልኩ። ወረደ፤ መስከረም ላይ! ባነር ተሰቀለ፣ ተማሪው፣ መምህሩ፣ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛው ሁሉ ወጣ። ሰዉ ከልቡ ነው የሠራው፣ ይህን አልክድም። ያን ሁሉ አብቦ የቆመ ቅንጨ እየነቀለ በየመንገዱ ዳር ከመረው። ክምሩ ፎቶ ተነሳ። ሄክታሩ ተቆጠረ፣ ለዞን ሪፖርት ሄደ። ክምሩ እዚያው ቀረ። ማታ ዝናብ ጣለ፣ ጎርፉ በሴትዮዋ ማሳ በኩል ወረደ።

በማግስቱ ስሄድ ማሳቸው ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ከክምሩ አንድ እግር አንስተው መዳፋቸው ላይ አራገፉት። ጥቃቅን ጥቁር ፍሬ፣ እንደ ደቀቀ ቁንዶ በርበሬ፣ መዳፋቸውን ሞላው። «ይኸው፣ ዘራችሁልኝ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

አንድ እግር ቅንጨ ከ10 ሺህ በላይ ዘር ሊያፈራ ይችላል። አፈር ውስጥ የተቀበረው ደግሞ ዓመታት ይቆያል። ይህን ትምህርት ቤት ተምራችሁታል፣ አልደግመውም። እኔን እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ግን ዘሩ አይደለም። በሚቀጥለው ሰኔ ወንፈሉ አልወጣም። ሴትዮዋ ጎረቤቶቻቸውን ሲጠሩ «መንግሥት ይነቅለው የለ እንዴ?» አሏቸው። ለብቻቸው ጥቂት ቀን ሞከሩ። እጃቸው አብጦ፣ ቆዳቸው ቆሳስሎ ተውት። ያ ወንፈል እኔ እስከተዛወርኩ ድረስ አልተመለሰም።

ስለዚህ ዘመቻ አልወድም። ዘመቻ ባይኖር ደግሞ የጋራ ግጦሹን፣ የወንዙን ዳር፣ የአስፋልቱን ጠርዝ ማን ይነቅለዋል? ማንም። ባለቤት የሌለው መሬት ላይ ነው ቅንጨ የሚደላው። የሰሜን ሸዋን ተራራ እርከን ያለበሰው ዘመቻ ነው፣ እሱንም አይቻለሁ። እርከን ግን በጥርም በየካቲትም ብትሠሩት ያው እርከን ነው። ቅንጨ አይጠብቅም፤ ከበቀለ በአንድ ወር ገደማ ያብባል። በልግ የጣለ እንደሆነ ደግሞ ሰኔን ሳትጠብቁ መጋቢት ላይ ነው መውጣት ያለባችሁ።

አሁን ወደ ልጅቷ። ሰዉን አትመልሺ፣ ከተመለሰ ሁለተኛ አይመጣልሽም። ግን ነጭ ወደ ሆነው ሜዳ አትምሪው፣ ፎቶ ላይ የሚያምረው እሱ ቢሆንም። የዘንድሮ ልጆች ደግሞ ፎቶ ትወዳላችሁ፣ አንድ እግር ነቅሎ አሥር ፎቶ የሚነሳ አይቻለሁ። አረሙ ገና አንድ ሁለት ሆኖ ከገባባቸው ማሳዎች ጀምሪ፤ ከንጹሁ ወደ ቆሸሸው። ያበበውን ሳታራግፉ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ክተቱ፣ እዚያው ማሳው ዳር አቃጥሉ፣ ክምር አይደር። አስም ያለበትን ሰው ውኃ አቅራቢ አድርጊው እንጂ አታስነቅይው። ቱፎርዲ የሚሉትን የአረም ማጥፊያ እንርጭ የሚል ይመጣል። ለማሽላና ለጤፍ በልኩ ይሆናል፣ ማሾና ሽንኩርት አጠገብ ግን ሰብሉን ነው የምትጨርሺው።

አምቦ ባለው የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል የተፈተሸች፣ የቅንጨን ቅጠል የምትበላ ጥንዚዛ አለች። ወለንጪቲ አካባቢ ተለቃለች። መጀመሪያ የተፈራው ኑጋችንን ትበላለች ተብሎ ነበር፣ ኑግና ቅንጨ ዘመዳሞች ናቸውና። ጥሩ ነገር ነው። ግን ጥንዚዛዋ ትመጣለች ብሎ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ባለሙያ አትሁኚ። ገበሬውም በእኛ ዘመቻ የደረሰበት ይኸው ነው፤ መንግሥት ይነቅለዋል ብሎ ተቀመጠ።

ስልክሽን ከያዝሽ አይቀር፣ በየሰኔው አንድ ቦታ ላይ ቆመሽ ያንኑ ማሳ አንሺው። ፎቶ አትውደዱ ያልኩትን እርሺው።

ሪፖርቱን በሁለት ዓምድ ክፈዪው። አንዱ «ሳያብብ የተነቀለ»፣ ሌላው «አብቦ የተነቀለ»። አለቃሽ ሁለተኛውን ዓምድ አጥፊው ካለሽ እሱ ራሱ ሰርዞ ይፈርምበት።