የወንድምሽ እጮኛ ዊካ ናት? እስቲ የማውቀውን ላካፍልሽ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ወንድምሽ ከእንግሊዝ አገር እጮኛውን ይዞ ለጥምቀት ጎንደር ሊመጣ ነው። ልጅቷ በቪዲዮ ስታወራችሁ «ሃይማኖቴ ዊካ ነው» አለች። አንገቷ ላይ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ አያችሁ። እናትሽ ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም። ጎረቤት ደግሞ «ቡዳ ቤታችሁ ልታስገቡ ነው» አለቻቸው። አንቺም ሰይጣን ታመልካለች ወይ፣ ድግምት ትሠራብናለች ወይ፣ እንዴት እንቀበላት ብለሽ ጠይቀሻል።

እኔ የአዘዞ ልጅ ነኝ። እንግሊዝ አገር የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። አብራኝ የሌሊት ተረኛ የነበረችው ሴት ዊካ ነበረች። አዛውንቶቹ ከተኙ በኋላ ሌሊቱ አይገፋም፤ እኛም ሻይ አፍልተን ስለ እምነት እናወራ ነበር። እሷ ስለ ጾሜ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ስለ ጨረቃዋ እጠይቃታለሁ። ማተቤን አልበጠስኩም፤ ዛሬም ኦርቶዶክስ ነኝ። የምጽፍልሽ ከእሷ የሰማሁትን፣ በዓይኔ ያየሁትንና በኋላ ያነበብኩትን ነው።

ከዋናው ልጀምር። ሰይጣን አያመልኩም። ሰይጣን በእኛ መጽሐፍ ያለ ነው፤ በእነሱ እምነት ውስጥ ቦታ የለውም፣ አያምኑበትምም። ሰው የሚደነግጠው ምስላቸውን ሲያይ ነው። ብዙዎቹ አንዲት እንስት አምላክና አንድ ወንድ አምላክ አሏቸው። ወንዱ የጫካና የአውሬ ጌታ ስለሆነ የአጋዘን ቀንድ አድርገው ይስሉታል። እንስቷን ከጨረቃ ጋር ያያይዟታል፤ ልጃገረድ፣ እናትና አሮጊት ሆና ትታያለች ይላሉ። አንዳንዶቹ እነዚህን በእውን ያሉ አማልክት አድርገው ያምናሉ። ሌሎቹ የተፈጥሮ ኃይል ምሳሌ ናቸው ይላሉ። ጳጳስ የላቸውም፣ ሁሉም የሚቀበለው አንድ ቅዱስ መጽሐፍም የላቸውም፤ ስለዚህ ሁለት ዊካዎች ሁለት የተለያየ መልስ ቢሰጡሽ አይግረምሽ።

ይህ ከእኛ ሃይማኖት ጋር ይስማማል እያልኩሽ አይደለም። አይስማማም። እኛ በአንድ አምላክ እናምናለን፣ እሷ በሌላ ታምናለች። ይህን ለእናትሽ መሸፋፈን አያስፈልግም። ግን «የሌላ እምነት ሰው ናት» እና «ሰይጣን ያደረባት ናት» በጣም የተራራቁ ነገሮች ናቸው።

እምነቱ ጥንታዊ ነው ሲሉም ትሰሚ ይሆናል። ሐሳቡ ከጥንት የተቀዳ ነገር አለው፤ ሃይማኖቱ ግን የ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጄራልድ ጋርድነር የሚባል እንግሊዛዊ ነው ለሕዝብ ያስተዋወቀው። በማላያ (የዛሬዋ ማሌዥያ ክፍል) የጉምሩክ ሠራተኛ ሆኖ የኖረ ሰው ነው። እንግሊዝ ውስጥ ጥንቆላን የሚመለከተው አሮጌ ሕግ የተሻረው በ1951 እ.ኤ.አ. ነበር፤ እሱም ከዚያ በኋላ በግልጽ መጻፍና መናገር ጀመረ። ከሥርዓቱ ጸሎቶች ብዙዎቹን ያሳመረችው የእሱ ተከታይ የነበረችው ዶሪን ቫሊየንቴ ናት። ዛሬ በቡድን የሚያመልኩ አሉ፤ ቡድኑን ኮቨን ይሉታል፣ በልማድ ከ13 ሰው አይበልጥም። ብዙዎቹ ግን ብቻቸውን ናቸው። የእኔ ባልደረባም ብቻዋን ነበረች፤ የወንድምሽ እጮኛም ምናልባት እንዲሁ ትሆናለች።

ኮከቡ አምስት ጫፍ ያለው ለምድር፣ ለአየር፣ ለእሳት፣ ለውኃና ለመንፈስ ነው። እናትሽ ካልተረጋጉ የባንዲራችንን ኮከብ አሳዪያቸው፤ እሱም አምስት ጫፍ ነው። አሜሪካ ውስጥ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞቱ የዊካ ወታደሮች መቃብር ላይ ይህ ምልክት እንዲቀረጽ መንግሥት ፈቅዷል። ለእሷ የአንገት ማተቧ ነው በዪያቸው፣ ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ድግምቱ። ይህ የብዙ ሰው ጭንቀት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልንገርሽ። አዎ፣ አስማት የሚሉት ነገር አላቸው። ባልደረባዬ ስታደርገው አይቻለሁ። ሻማ ታበራለች፣ ጨውና ውኃ በትንሽ ሳህን ታስቀምጣለች፣ ሮዝመሪ ታጨሳለች፣ የምትመኘውን ቃል አውጥታ ትናገራለች። አታሜ የሚሉት ጩቤም አላት። እንዲህ ያለውን እናትሽ የልጅቷ ሻንጣ ውስጥ ቢያዩት ቤቱ ይታመሳል፣ ስለዚህ ቀድመሽ ንገሪያቸው። በጩቤው ምንም አይቆረጥበትም፣ ደም አይፈስበትም፤ በአየር ላይ ክብ ለመሥራት ነው። ዶሮ አይታረድም፣ ቀለም አይመረጥም።

እኛ ጎንደሮች ድግምት ሲባል ወዲያው የሚታየን ሌላ ነው። ክታብ የሚጽፍ ደብተራ፣ ባለ ውቃቢ፣ ጠላት ያሰረብኝን ፍታልኝ ብሎ የሚሄድ ሰው። እዚያ ገንዘብ አለ፣ ፍርሃት አለ፣ «ማን አደረገብኝ» የሚል ጥርጣሬ አለ። ከእኔ ባልደረባ ዘንድ ይህን አላየሁም። ከማንም ገንዘብ አትቀበልም ነበር። ብዙዎቹ የሚመሩበት አንድ ደንብ አለ፤ ማንንም እስካልጎዳህ ድረስ የወደድከውን አድርግ ይላል። የላክኸው ክፉ ሦስት እጥፍ ሆኖ ይመለስብሃል ብለው የሚያምኑም አሉ። በሰው ላይ ክፉ መላክ ለእነሱም ነውር ነው። አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፤ በቴሌግራምና በቲክቶክ በዚህ ስም «መስተፋቅር እሠራለሁ፣ ብር ላኪ» የሚሉ አሉ። እነሱ ነጋዴዎች ናቸው። ዞር በይላቸው።

ስለ በዓላቸው ማወቅሽ ደግሞ ለወሬ ይጠቅምሻል። በዓመት ስምንት ትልልቅ በዓላት አሏቸው፤ ሁሉም ከፀሐይና ከወቅት ጋር የተያያዙ ናቸው። አንዱ ታኅሣሥ 12 አካባቢ፣ ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ በሚረዝምበት ቀን ይውላል። ለእኛ ይህ ብዙም አይታየንም፤ ጎንደር በዚያ ቀንም ከ11 ሰዓት በላይ ብርሃን አላት። ለንደን ግን ስምንት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ሥራ ስትገቢ ጨለማ፣ ስትወጪ ጨለማ። እዚያ ክረምት ያሳለፈ ሰው ፀሐይ ተመለሰች ብሎ መደሰት ምን እንደሆነ ይገባዋል። ሚያዝያ 23 ሌላ በዓል አላቸው፣ እሳት ያነዱበታል። ደመራና ቡሄን ለምታውቂው ለአንቺ እሳት ማንደድ እንግዳ አይደለም።

ትልቁ ጥቅምት 21 የሚጀምረው ነው፤ ሳዊን ይሉታል። የሞቱትን የሚያስቡበት ነው። ባልደረባዬ በዚያ ቀን ለሞተው አባቷ አንድ ሳህን ምግብ ለይታ ታስቀምጥ ነበር። አንድ ሌሊት ስለ አባቷ እያወራች አለቀሰች። እኔም ስለ አባቴ ተዝካር ነገርኳት፤ ድሀ እንደበላበት፣ ጎረቤት ሁሉ እንደመጣ። «አገራችሁ ሰው ሲሞት ብቻሽን አይተውሽም» አለችኝ። ሴትዮዋን በደንብ ያወቅኋት ያን ሌሊት ነው።

አሁን ጎረቤታችሁ ስላለችው ነገር። እባክሽ «ቡዳ» የሚለውን ቃል በዚህች ልጅ ላይ እንዳትፈቅጂ። እኛ ጎንደር ውስጥ ነው ያለነው፤ ይህ ቃል ምን እንዳደረገ እናውቃለን። ወለቃ ከከተማው ቅርብ ነው። እዚያ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ብረት ቀጥቅጠው፣ ሸክላ ሠርተው ማረሻችንንም ማሰሯችንንም ያቀርቡልን ነበር። እኛ ግን ሌሊት ጅብ ይሆናሉ፣ ሰው ይበላሉ አልናቸው። ልጅ ሲታመም እነሱ ተጠረጠሩ። አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በተካሄዱት ትልልቅ ጉዞዎችና ከዚያም በኋላ ወደ እስራኤል ሄዱ። ስሙ ግን እስከ መጨረሻው ሲከተላቸው ነበር። አውሮፓም ውስጥ በጥንቆላ ተከሰው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተገድለዋል፣ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ዊካዎች እነዚያን ሴቶች ያስቧቸዋል። ልጅቷ አንድ ሰው ጣቱን ቀስሮ እንዲህ ሲላት ብትሰማ ምን እንደሚሰማት አስቢው። ጎረቤቷን በትሕትና ግን ቁርጥ አድርገሽ ንገሪያት።

አቀባበሉን በተመለከተ፣ ብዙ አትጨነቁ። የተከለከለ ምግብ የላቸውም፤ ሥጋ የማይበሉ ግን ብዙ ናቸው፣ ጠይቂያት። ባትበላም ችግር የለም፤ በገሃድ ቀን ሽሮውም ምስሩም አለ። ታቦት ሲወርድ ማየት ትወዳለች ብዬ እገምታለሁ። ነጠላ ስጫት፣ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ጫማ የት እንደሚወለቅ ንገሪያት። ባሕረ ጥምቀቱ ላይ ጠበል እንደሚረጭ ቀድማ ትወቅ፤ ፈቅዳ ከቆመች ደስ ይበላት፣ ካልፈለገች ራቅ ብላ ትይ። ሰይጣን ይወጣላታል ብሎ በግድ ወደ ጠበል መውሰድ የሚባል ነገር ግን እንዳይታሰብ። እንግዳ ናት፣ ያስደነግጣታል፤ ወንድምሽም ይቀየማችኋል። ማታ በረንዳ ላይ ወጥታ ጨረቃ ብታይ ተዪአት።

እምነቷን ትሰብካችኋለች ብለሽም አትስጊ። ሰው መስበክ ልማዳቸው አይደለም።

የሚከብደው ጋብቻው ነው። ያልተጠመቀ ሰው ተክሊል አይደርስም፣ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። እነሱም የራሳቸው ሥርዓት አላቸው፤ የሙሽሮቹን እጅ በጨርቅ ያስራሉ። ወንድምሽ ምን እንዳሰበ በዚህ ጉብኝት አትጨቅጭቁት። እሱ ራሱ ከንስሐ አባቱ ጋር ይነጋገር። እናትሽ ማወቅ የሚፈልጉትን ልጅቷን በቀጥታ ይጠይቋት፤ አንቺ አስተርጉሚላቸው። የእኔ ባልደረባ ስትጠየቅ ደስ ይላት ነበር፤ የሚከፋት ከኋላዋ ሲንሾካሾኩ ነው።

እናትሽ አሁንም ካልተረጋጉ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ። ከጥምቀት በፊት አንድ ቀን ቡና ላይ መጥቼ አነጋግራቸዋለሁ።